ብልቃጡ ድምፅ እንዳያሰማ ጥጥ እጠቀጥቅበት ነበር

የ16 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በቀጠሮዬ ዋዜማ ማታ፣ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ኪኒን ቆጠርኩ። ብልቃጡን ፎጣ ላይ ገልብጬ አምስት አምስት እያደረግኩ ደረደርኳቸው። የሦስት ወር የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነበር የተሰጠኝ። በትክክል ወስጄ ቢሆን ኖሮ በዚያ ማታ የሚተርፈኝ 6 ፍሬ ብቻ ነው። ፎጣው ላይ ያለው ግን 47 ነበር። 41ዱን በሶፍት ጠቅልዬ ጣልኩና ውሃ ለቀቅኩበት። አንዷ ከሶፍቱ አምልጣ ተንሳፈፈች። ደግሜ ለቀቅኩ። አልሄደችም። በሦስተኛው ሄደች።

በማግስቱ ነርሷ ቆጠረች። ልክ 6። «ጎበዝ ልጅ!» አለችኝና ካርዴ ላይ ጻፈች። እኔም ፈገግ አልኩላት። ከዚያ በደሜ ውስጥ ምን ያህል ቫይረስ እንዳለ ለሚለካው የቫይረስ መጠን ምርመራ ደም ሰጥቼ ወጣሁ።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደሜ ውስጥ 86,400 የቫይረሱ ቅጂ። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ከ1,000 በታች፣ እንዲያውም በመሣሪያ የማይታይ መሆን አለበት።

አሁን 22 ዓመቴ ነው። ቫይረሱ አሁንም አለብኝ፤ በደሜ ውስጥ ግን ከታየ ዓመታት ሆኑት። ዛሬ እኔ ራሴ መድኃኒት ከሚወስዱ ታዳጊዎች ጋር እየተገናኘሁ አወራለሁ፣ አዳምጣለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ፣ ለሚያሳድጓቸው ሰዎችና ለሚያክሟቸው ባለሙያዎች ነው። ከሁሉም በላይ እንዲሰማልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እስካሁን ካገኘኋቸው ታዳጊዎች ውስጥ አንድም ቀን ኪኒን ስቶ የማያውቅ አላየሁም። የሚለያዩት መሳታቸውን ደፍረው የሚነግሩት ሰው ያላቸውና የሌላቸው በመሆናቸው ነው። እኔ አልነበረኝም። ላስረዳችሁ።

ቫይረሱ ከእናቴ ነው የተላለፈብኝ። እናቴ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው ያረፈችው። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። መድኃኒት የጀመርኩት በ5 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሽሮፕ ነበር። እንዴት ያለ መራራ! እትዬ በአንድ እጇ አገጬን ይዛ ትግተኝና ወዲያው ጣፋጭ ነገር አፌ ውስጥ ታደርግልኝ ነበር። ለምን እንደምወስድ ስጠይቃት «ለሳንባሽ ነው የኔ ልጅ» ትለኝ ነበር። ሳል ስለሚያበዛብኝ አመንኳት።

በ13 ዓመቴ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስም ስልክ ላይ አስገብቼ ፈለግኩ። የመጣውን ሁለት መስመር አንብቤ ስልኩን አጠፋሁት። ለማንም አልተነፈስኩም። እትዬ ማታ ማታ «የሳንባሽን መድኃኒት ዋጥሽ?» ትለኛለች፤ እኔም «አዎ» እላለሁ። እሷ የማላውቅ መስሏት፣ እኔ እያወቅኩ። እንዲህ ሆነን ሰባት ወር ኖርን። በኋላ ተቀምጠን ስናወራ ለካ እሷም መናገር እየፈለገች ቃሉ አልወጣ እያላት ስንት ሌሊት አልቅሳለች። እኔን ከሐዘን ልትጠብቀኝ ነበር። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ቤት ስለዚህ ነገር እውነት አይነገርም የሚለውን።

ስለዚህ ልጅ ለምታሳድጉ፦ አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ልጆች ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ውጤታቸውን ማወቅ እንዳለባቸው ይመክራል። አንድ ቀን አስቀምጣችሁ ሁሉንም አፍስሱባቸው ማለት አይደለም። ለ6 ዓመት ልጅ «በደምሽ ውስጥ የምትተኛ ጀርም አለች፤ ይህ መድኃኒት እንዳትነቃ ያደርጋታል» ማለት ይበቃል። ውሸትም አይደለም። ሲያድግ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ስሙንም 10 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ትነግሩታላችሁ። ከእናንተ አፍ ይስማው። ከስልክ ወይም ከጎረቤት ሹክሹክታ ከሰማው በኋላ እሱን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። የጤና ባለሙያ አብሯችሁ እንዲነግር መጠየቅም ትችላላችሁ፤ ብዙዎቹ ልምዱ አላቸው።

ታዲያ ለምን አቆምኩ? ሰው ይህን ሲጠይቀኝ አንድ ምክንያት እንድሰጠው ይፈልጋል። አንድ ምክንያት የለም።

መጀመሪያ ኪኒኑ ራሱ። በዚያ ጊዜ የምወስደው ኢፋቪሬንዝ የሚባለው ያለበት ነበር። ማታ ከመኝታ በፊት ነው የሚዋጠው፤ ምክንያቱም ያዞራል። ሕልሙ ደግሞ ለብቻው ነው። ከሕልሙ ነቅቼ ደረቴ እየመታ፣ የቱ እውነት የቱ ሕልም እንደሆነ እስክለይ ድረስ አልጋዬ ላይ እቀመጥ ነበር። ጠዋት ክፍል ውስጥ ጭንቅላቴ ጭጋግ የሞላበት ይመስለኛል። ይህን ለሐኪም መናገር እንደሚቻል አላወቅኩም። ኪኒኑን ስለማልወደው የፈጠርኩት ምክንያት ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ።

ቀጥሎ መደበቁ። ብልቃጡ ሲነቃነቅ ይንኮሻኮሻል። ከጓደኞቼ ጋር ማደር ሲኖርብኝ ቦርሳዬን ባነሳሁ ቁጥር ሁሉም የሚሰማው ይመስለኛል። ስለዚህ ጥጥ እጠቀጥቅበት ነበር፤ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍም በጥፍሬ ልጬ አነሳሁት። እንዲያም ሆኖ ሁሉም እያዩኝ መዋጥ አልችልም። «ምንድን ነው እሱ?» ለምትል አንዲት ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ያን ቀን ዘለልኩት።

በማግስቱ ምንም አልሆንኩም።

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። ምግብ ብትዘሉ ይርባችኋል። እንቅልፍ ብትዘሉ ይደክማችኋል። ይህን መድኃኒት አንድ ቀን ብትዘሉት ምንም አይሰማችሁም፤ እንዲያውም ያን ሌሊት ያለ ክፉ ሕልም ነው የተኛሁት። ሁለት ቀን፣ ሳምንት፣ አሁንም ደህና። የ15 ዓመት ልጅ ሰውነቷ ምንም ሳይላት የወረቀት ማስጠንቀቂያ አምና ልትቀጥል ይከብዳታል። ቫይረሱ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ እየተባዛ ነው።

ሌላም ነበር፤ ይሄን መጻፍ ይከብደኛል። እናቴ ላይ ተቆጥቼ ነበር። በሞተች ሰው ላይ መቆጣት እንዴት እንደሚያስጠላ የደረሰበት ያውቀዋል። በዚያ ላይ ከክፍሌ ልጆች ሁሉ አጭሯ እኔ ነበርኩ፤ ሰውነቴም ከእነሱ ዘግይቶ ነው ያደገው። ቫይረሱ ከልጅነት ጀምሮ ካለ እንዲህ እንደሚያደርግ ያኔ አልገባኝም። ኪኒኑን ባየሁት ቁጥር ይህ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ሳላየው ስውል ደግሞ እንደማንኛዋም ልጅ ነኝ።

ብቻዬን አለመሆኔን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳወቀው ከ2005 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት በዓለም ላይ በኤድስ የሚሞተው ሰው ቁጥር በ30 በመቶ ሲቀንስ፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ታዳጊዎች ዘንድ ግን በ50 በመቶ ጨምሮ ነበር። መድኃኒቱ አለ፣ ትልልቆቹ እየዳኑ ነው፣ ታዳጊዎቹ ግን እየሞቱ ነበር። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳየው አንብቤ ማለፍ አቃተኝ። ስንቶቹ እንደ እኔ በር ቆልፈው ኪኒን ሲቆጥሩ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ወደ 86,400 ልመለስ። ውጤቱን የነገረኝ ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «መሞት ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሰምተዋል። «እናትሽ መድኃኒት አጥታ ነው የሞተችው፣ አንቺ እየተሰጠሽ ትጥያለሽ?» ብሎ ጨመረ። የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ ሰውየውም ልቡ ክፉ ነው ብዬ አላስብም። ደንግጦ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ስወጣ የወሰንኩት መድኃኒቴን በትክክል ለመውሰድ አልነበረም። ሁለተኛ ላለመመለስ ነው የወሰንኩት። ለአምስት ወር አልተመለስኩም።

ስመለስ በእግሬ ቆሜ አልነበረም። 9 ኪሎ ቀንሻለሁ። አፌ ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶብኝ ውሃ መዋጥ እንኳን ያመኝ ነበር። ሲዲ ፎር የሚባሉት በሽታ ተከላካይ የደም ሴሎቼ ቁጥር 118 ነበር፤ ከ200 ሲያንስ ሰውነት ሌሎች በሽታዎችን መከላከል ያቅተዋል፣ ሳንባ ነቀርሳውም የማጅራት ገትሩም በር ተከፍቶለታል ማለት ነው። እትዬ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እጄን ይዛ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። አንድም ጊዜ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ ተኝቼ ነው ሲስተርን ያገኘኋት። ስሟን አልጠቅስም፤ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን አመለጠሽ?» አለችኝ።

«መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» አላለችም። «ስንት ቀን አመለጠሽ?» ነው ያለችው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። በሁለተኛው ውስጥ ግን ሰው እንደሚያመልጠው አስቀድማ ታውቃለች፤ ስለዚህም ስነግራት አልተደነቀችም። «ሰባቱንም» አልኳት። «እሺ» አለችና ጻፈችው። «ከመቼ ጀምሮ?» ነገርኳት። ስለ ሽንት ቤቱም ነገርኳት። ሳቀች፣ ግን በእኔ አይደለም። «ማታ ነው ጠዋት የሚከብድሽ?» ብላ ቀጠለች። በ16 ዓመት ሕይወቴ ስለ መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገርኩት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ ተገናኘን። የቫይረስ መጠን ከ1,000 በላይ ሲሆን መደበኛው አሠራር እንዲህ ነው፤ ተከታታይ የምክር ጊዜ ይኖርና ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ምርመራው ይደገማል። ብዙ ሰው ምክር ሲባል ስብከት ይመስለዋል። እኛ ያደረግነው ግን አንድ በአንድ እንቅፋቱን መለየት ነበር። ድምፁ ያስቸግርሻል? ብልቃጡን ቤት ተይው፣ ለውጭ የሚያስፈልግሽን ሁለት ሦስት ፍሬ በትንሽ መያዣ ያዢ። ሰዓት ትረሻለሽ? ስልክሽ ላይ ደውል ሙይ፣ ግን ስሙን «መድኃኒት» አትበይው። (እኔ የመረጥኩት የምወደውን ዜማ ነበር። እስከ ዛሬ ያ ዜማ ሲሰማ እጄ ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል።) እትዬ ትጮህብሻለች? እትዬን አምጫት።

እትዬ እውነትም ትጮህ ነበር። በፍቅር ነው፤ ግን ከወጥ ቤት ሆና «መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ስትል ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር። ሲስተር አስቀምጣ አነጋገረቻትና አንድ ነገር ተስማማን። ስውጥ ባዶውን የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ካልተገለበጠ አልወሰድኩም ማለት ነው፤ ስታይ ምንም ሳትል ውሃ ሞልታ ታመጣልኛለች። ጥያቄ የለም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም።

ለአንድ ጓደኛዬም ነገርኳት። አንድ ሰው ብቻ፣ በደንብ አስቤበት፣ ምስጢር ስትጠብቅ ያየኋትን መርጬ። ይህን ሁሉም ማድረግ አለበት አልልም። የማይታመን ሰው መርጠው የተጎዱ ልጆች አውቃለሁ። ግን ከቤት ውጭ አንድ የሚያውቅ ሰው ሲኖር መደበቁ በግማሽ ይቀላል።

ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳልስት ወሰድኩ። ኪሎዬ ተመለሰ። አፌ ዳነ። ምርመራው ሲደገም እየፈነደቅኩ ነው የሄድኩት። ውጤቱ 5,200 ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ታዳጊ ተስፋ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳ። ቁጥሩ በጣም ወርዷል፤ ግን መውረድ ያለበትን ያህል አልወረደም። እኔ አለቀስኩ። ሲስተርን «ወስጄያለሁ፣ እውነቴን ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። ያመነችኝ ቀድሞ መሳቴንም ስለነገርኳት ነው። ባልነግራት ኖሮ አሁንም ትዋሻለች ተብሎ ሌላ ሦስት ወር ምክር ይጨመርልኝና ቫይረሱ ሌላ ሦስት ወር ያገኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ኪኒኔ ውስጥ ሦስት መድኃኒቶች ተቀላቅለዋል። መውሰድ ሲቆም ሦስቱም እኩል ከደም አይወጡም። ኢፋቪሬንዝ ከሌሎቹ በላይ ይቆያል፤ ለቀናት ብቻውን ይቀራል። ቫይረሱ ብቻውን የቀረውን መድኃኒት እያየ ይላመደዋል። አንዴ ከተላመደው በኋላ ሳትስቱ ብትወስዱም አይፈራውም። እኔ ደግሞ ስወስድ ስተው ስወስድ ስተው ነበር፤ ለመላመድ ከዚህ የተመቸ የለም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የኔ ጥረት ጎድሎ አልነበረም፤ መድኃኒቱ ነበር መቀየር ያለበት።

ወደ ዶሉቴግራቪር ተቀየርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ቀዳሚ ምርጫ እንዲሆን የመከረው መድኃኒት ነው። ቫይረሱ እሱን ለመላመድ በጣም ይቸገራል፤ ፈጽሞ አይላመደውም ግን አይባልም። ሕልሙ ጠፋ። ማዞሩ ጠፋ። ከሦስት ወር በኋላ የውጤት ወረቀቱን ሲስተር ወደ እኔ አዙራ በጣቷ አሳየችኝ። ከ50 በታች። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለእትዬ ላኩላት። ምንም አልመለሰችም። ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

ስለዚህ መድኃኒት በተግባር ያወቅኳቸውን ላካፍላችሁ። እንቅልፍ ከከለከላችሁ ማታ መውሰዱን ትታችሁ ጠዋት አድርጉት፤ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። የአይረንና የካልሲየም ኪኒን እንዲሁም የጨጓራ ማስታገሻ አብሮ ሲወሰድ ሰውነት መድኃኒቱን በደንብ እንዳይቀበል ያደርጋሉ። ወይ ዶሉቴግራቪሩን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታችሁ ውሰዱ። አይረንና ካልሲየም ከሆነ ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድም ይቻላል። ደም ማነስ ላለባቸው ልጃገረዶች ይህ ሳይነገር ይቀራል። ሳንባ ነቀርሳ ይዟችሁ ሪፋምፒሲን የምትጀምሩ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩ በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበትና ለሐኪማችሁ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ። ኪሎ የሚጨምርባቸውም አሉ። ለዚህ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ተናገሩ። ረስታችሁ ካለፈ ያስታወሳችሁ ጊዜ ዋጡት፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ደርባችሁ አትዋጡ።

አንድ ወሬ ደግሞ እስካሁን አልሞተም። ዶሉቴግራቪር ለሴቶች አይሆንም፣ ፅንስ ይጎዳል የሚል። መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በመጀመሪያ መረጃ ምክንያት ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር። ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ግን ስጋቱ እንደተፈራው ሆኖ አልተገኘም፤ የ2019ኙ ምክርም ሴቶችንና ልጃገረዶችን ያካትታል። በክንድ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የመከላከያውን አቅም የሚያዳክመው ኢፋቪሬንዝ ነው። ማንም ለታዳጊ ልጅ ይህን አይነግርም፣ ገና ልጅ ናት ተብሎ። ጠይቁ።

ስለ ፍቅር ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ታዳጊዎቹ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁኝ ይህን ነው፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እኔም «ማንም አያገባኝም» ብዬ ነው ያደግኩት። ፓርትነር የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸው፣ ሌላኛቸው የሌለባቸው 888 ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር። ቫይረሱ ያለባቸው መድኃኒት እየወሰዱ መጠኑ የወረደላቸው ናቸው። ያለ ኮንዶም 58,000 ያህል ጊዜ ግንኙነት አድርገው ከጓደኛቸው ወይም ከትዳር አጋራቸው ቫይረሱ የተላለፈበት ሰው ቁጥር ዜሮ ነው። የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ከሆነ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ኮንዶም ግን ለእርግዝናም፣ ለሌሎች የአባላዘር በሽታዎችም ያስፈልጋል። ጡት ማጥባት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አደጋው በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይባልምና ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው። ይህን በ15 ዓመቴ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ኪኒኗን በሌላ ዓይን አያት ነበር። ሁሉም ሰው «ካልወሰድሽ ትሞቻለሽ» ብሎኛል። «ከወሰድሽ ታፈቅሪያለሽ፣ ትወልጃለሽ» ያለኝ አልነበረም።

ሌላ ብዙ ልጅ የሚጠፋበት ቦታ አለ። 18 ወይም 19 ሲሞላ ከልጆች ክሊኒክ ወደ አዋቂዎች መሻገር። አንድ ቀን የምታውቅህ ነርስ፣ የምታውቀው ወንበር አለ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የማታውቀው ሰው ካርድ ይጠይቅሃል፣ ዙሪያህ ያሉት ሁሉ የአባትህ እኩያ ናቸው። የኔ ዕድሜ ልጆች ስንቶቹ አንዴ ሄደው ቀሩ! እኔ የተረፍኩት ሲስተር የመጀመሪያውን ቀን ራሷ ወስዳ ስላስተዋወቀችኝ ነው። እንደዚያ የሚያደርግላችሁ ባይኖር ሦስት ነገር በቃላችሁ ያዙ፤ የመድኃኒታችሁን ስም፣ የመጨረሻ የቫይረስ መጠናችሁንና የተመረመራችሁበትን ቀን። እነዚህን የሚያውቅ ታዳጊ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንደ ሕፃን አይቆጠርም።

እኩዮችን ማግኘትም አስፈላጊ ነው። ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ዝቫንዲሪ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ቫይረሱ ያለባቸው ወጣቶች ሠልጥነው እንደነሱ ያሉትን ታናናሾቻቸውን እቤት ድረስ እየሄዱ ይደግፋሉ። ይህ ድጋፍ በጥናት ሲለካ፣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ቫይረሱ ያልወረደላቸው ወይም የሞቱት መደበኛውን ክትትል ብቻ ካገኙት ከ100 ታዳጊ 36 ሲሆኑ፣ የእኩያ ድጋፍ ካገኙት ግን 25 ነበሩ። ዶክተሩም መድኃኒቱም ሌላ አልነበረም። የተጨመረው «እኔም እኮ» የሚል ሰው ነው። በአካባቢያችሁ የወጣቶች ቡድን ካለ ጤና ተቋማችሁን ጠይቁ። ከሌለ ሁለት ሆናችሁም ጀምሩ፤ እኛ ስንጀምር አራት ነበርን።

ጸሎትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እኔ እጸልያለሁ። መድኃኒቴንም እውጣለሁ። ጸልየው ድነሻል ተብለው መድኃኒት ያቆሙ ሁለት ልጆች አውቅ ነበር። አንዷ ዛሬ የለችም። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። ኪኒን ስትቆጥሩ፣ ቁጥሩ ልክ ሲሆን ቶሎ አትደሰቱ። በየጊዜው ፍጹም ልክ የሆነ ቁጥር የሚያመጣ ልጅ ሊያሳስባችሁ ይገባል። በሩን ዝጉ። አሳዳጊውን ለአምስት ደቂቃ ውጭ አስቀምጡ። ከዚያ «ስንት ቀን አመለጠህ?» በሉት። ቁጥር ሲነግራችሁ፣ ምንም ያህል ይሁን፣ ፊታችሁን አትቀይሩ። ልጁ የሚያነበው ፊታችሁን ነው።

በየአሥራ አምስት ቀኑ የማገኛት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አለች። መጀመሪያ ስንገናኝ ብልቃጧን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ድምፅ አልነበረውም። ክዳኑን ከፈትኩት። ከላይ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። ምንም አላልኳትም፤ የራሴን ታሪክ ነው የነገርኳት፣ ስለ ተንሳፈፈችው ኪኒንም ጭምር። ያን ቀን ዝም ብላ ሰምታ ሄደች። በሚቀጥለውም ዝም አለች። በሦስተኛው «ሁሉንም ወስጃለሁ» አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። እሺ አልኳት።

ባለፈው ሳምንት መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ «አራት ቀን አመለጠኝ» አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት። «ማታ ነው ጠዋት የሚከብድሽ?» አልኳት።